አሥራ ስምንት ፓቾች

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 2020 አፕል ኤም1 የተባለውን ቺፕ ይፋ አደረገ። ከ2006 ጀምሮ በማክ ኮምፒውተሮች ውስጥ የኖረው የኢንቴል ፕሮሰሰር ሊሰናበት ነው፤ ኩባንያው በስልኮቹ ላይ ለዓመታት ሲያበስለው የቆየው የአርም ዝርያ ደግሞ ወደ ላፕቶፕና ወደ ጠረጴዛ ኮምፒውተር ተሸጋገረ። በሳምንቱ ማክቡክ ኤር፣ ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ እና ማክ ሚኒ ገበያ ላይ ዋሉ። ገምጋሚዎች ፍጥነቱን ለኩ፣ ባትሪውን ለኩ፣ በሁለቱም ተገረሙ። ማክቡክ ኤሩማ ጭራሽ ማራገቢያ የለውም።

የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስም ዓይኑን ጣለበት። በአርም የሚሠራ፣ ለሥራ የሚበቃ ላፕቶፕ ለዓመታት ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። በዚያው ወር ሲጠየቅ ማሽኑን ቢያገኝ ደስ እንደሚለው፣ እንቅፋቱ ሊኑክስ አለመጫኑ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ራሱ ቁጭ ብሎ ሊጎረጉረው ግን ጊዜ የለውም፤ መርዳት ከማይፈልጉ ኩባንያዎች ጋር ለመታገልም ፍላጎት አልነበረውም።

አፕል በርግጥ አልረዳም፤ ግን አልዘጋምም። አይፎን ላይ ባለቤቱ የራሱን ስርዓተ ክወና ልጫን ቢል መቆለፊያ መስበር አለበት። በኤም1 ማኮች ላይ ግን ኩባንያው በሩን ሆን ብሎ ገርበብ አድርጎ ተወው። ባለቤቱ ማሽኑን በማገገሚያ ሁነታ አስነስቶ፣ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ የጥበቃውን ደረጃ ዝቅ ካደረገ የራሱን ከርነል ማስነሳት ይችላል። ከበሩ ወዲያ ያለው ጨለማ ነው። ቺፑ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች የት አድራሻ ላይ እንደተቀመጡ፣ በምን ቋንቋ እንደሚናገሩ የሚገልጽ መመሪያ ለውጭ ሰው አልወጣም።

ወደዚህ ጨለማ ለመግባት ቀድሞ እጁን ያወጣው ሄክተር ማርቲን ነበር። ለዚህ ሥራ አዲስ አልነበረም። በ2010 የማይክሮሶፍት ኪኔክት ካሜራ በወጣ በቀናት ውስጥ ክፍት ድራይቨር ጽፎ አዳፍሩት የተባለው ድርጅት ያዘጋጀውን የ3,000 ዶላር ሽልማት ወስዷል፤ ዊ የተባለውን የኒንቴንዶ የጨዋታ ኮንሶል ከፍቶ መርምሯል፤ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሊኑክስ አስነስቷል። በዲሴምበር 2020 ሰዎች በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡለት ኤም1ን የሙሉ ጊዜ ሥራው እንደሚያደርገው አስታወቀ። ገንዘቡ ተገኘ። በጃንዋሪ 2021 አሳሂ ሊኑክስ የተባለው ፕሮጀክት ተመሠረተ። ከመጀመሪያዎቹ ደንቦቹ አንዱ ከማክኦኤስ የተገለበጠ ኮድ እዚህ አይገባም የሚል ነበር። ሃርድዌሩ ሲሠራ ይታያል፣ ይመዘገባል፣ ከዚያ ኮዱ እንደ አዲስ ይጻፋል።

እነርሱ ገና መሣሪያቸውን ሲያደራጁ ሌላ ቡድን ቀደማቸው።

ኮሬሊየም የአይፎንን አሠራር በሶፍትዌር አስመስሎ በማስነሳት የሚታወቅ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አፕል በ2019 ከሶት ነበር፤ በዲሴምበር 2020 መጨረሻ ዳኛው በቅጂ መብቱ ጉዳይ ለኮሬሊየም ፈረዱ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 20 ቀን 2021፣ የኩባንያው ክሪስ ዌድ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ሙሉ ዴስክቶፑን ዘርግቶ በማክ ሚኒ ላይ ሲሠራ አሳየ። ከዩኤስቢ ይነሳል፣ ኢንተርኔቱ በዩኤስቢ ሲ አስማሚ ይገባል። ዜናው በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። ብዙ አንባቢ ነገሩ ያለቀ መሰለው።

አላለቀም ነበር። አንድ ከርነል አንድ ማሽን ላይ እንዲነሳ ማድረግና የዚያን ማሽን ድጋፍ ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት ዋና ከርነል ውስጥ ማስገባት ለየቅል ናቸው። የሊኑክስ ኮድ አንድ ነው። ያው ኮድ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ፣ የባንክ ሰርቨር ውስጥ፣ የቤት ራውተር ውስጥ ይሠራል። ለማክ ሚኒ ሲባል የተነካ አንድ መስመር የሌላውን ሰው ሰርቨር ሊያቆም ይችላል። በግል ቅጂ ላይ እንደልብ መቆራረጥ ይቻላል፤ ወደ ዋናው የሚገባ ፓች (የኮድ ለውጥ) ግን እያንዳንዱን የኮድ ክፍል በሚጠብቁ ባለአደራዎች ዓይን ማለፍ አለበት። ያን ጊዜ ለአርም ቺፖች ድጋፍ አርንድ በርግማን፣ ለኢንተረፕት መቆጣጠሪያዎች ማርክ ዚንጊየር፣ ለሃርድዌር መግለጫ ሰነዶች ሮብ ሄሪንግ፣ ለ64 ቢት አርም መሠረት ዊል ዲከን። በየመስካቸው ከእነዚህ ሰዎች የበለጠ የሚያውቅ ማግኘት ይከብዳል፤ ሁሉም ደግሞ ለዓመታት የሚኖሩበትን ቤት እንደሚጠብቅ ሰው ነው የሚጠነቀቁት።

ማርቲን የጀመረው ከታች ነው። መጀመሪያ ኤም1ኤን1 የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፤ መነሻው ያኔ ለዊ ተሠርቶ የነበረ ሚኒ የሚባል ፕሮግራም ነው። የአፕል ማስነሻ ይህን ፕሮግራም ከርነል ነው ብሎ ያስነሳዋል፤ እርሱ ደግሞ ማሽኑን አስተካክሎ ለሊኑክስ ያስረክባል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። በኬብል ከተያያዘ ሁለተኛ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ፣ በፓይተን እያዘዙ፣ ይህን አድራሻ አንብብ፣ እዚያ ይህን ጻፍ፣ ምን መለሰ እያሉ ቺፑን መጠየቅ ይቻላል።

ኬብሉ ራሱ ጉድ ነበረው። ከርነል ገና ሲነሳ ቢሞት ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ምን እንደገደለው የሚናገር ብቸኛ ምስክር ሲሪያል መስመሩ ነው። ማክ ሚኒ ላይ ሲሪያል መሰኪያ የለም። መስመሩ ግን ከአንዱ የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ጀርባ ተደብቆ ተቀምጧል፤ የተለየ ምልክት ሲላክለት ነው የሚከፈተው። ማርቲን ከአርዱዊኖና ከአንዲት ርካሽ የዩኤስቢ ሲ መቆጣጠሪያ ቺፕ ምልክቱን የሚልክ መሣሪያ ሠራ። መስመሩ ሲከፈት ደግሞ ከወዲያ በኩል ያለው የሚታወቅ ፊት ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው አይፎን ቺፕ ሳምሰንግ ሠራሽ ስለነበር፣ አፕል ያኔ የወረሰውን የሳምሰንግ ሲሪያል ንድፍ እስከ ኤም1 ድረስ ይዞት መጥቷል። ሊኑክስ ውስጥ ለሳምሰንግ የተጻፈ ድራይቨር ዱሮም ነበረ። አዲስ ከመጻፍ እርሱን ማስፋት ይበቃል።

በፌብሩዋሪ 2021 የመጀመሪያው ሳምንት ማርቲን 18 ፓቾችን ለምርመራ ላከ።

የመጀመሪያው ክርክር በስም ላይ ተነሳ። ሊኑክስ በአርም ማሽኖች ላይ የትኛው መሣሪያ የት እንዳለ የሚያውቀው ዲቫይስ ትሪ ከሚባል መግለጫ ነው፤ እዚያ ውስጥ የእያንዳንዱ መሣሪያ ስም በአምራቹ ስም ይጀምራል። ማርቲን አፕል በዱሮ ማሽኖቹ ይጠቀምበት የነበረውንና በአክሲዮን ገበያም የሚታወቅበትን ባለ አራት ፊደል ምህጻር መርጦ ነበር። ከውይይት በኋላ ተራው «አፕል» የሚለው ቃል ጸደቀ። ለውጭ ሰው ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ነገር ግን አንዴ የታተመ የዲቫይስ ትሪ ስም በቀላሉ አይቀየርም፤ የዛሬ ማስነሻ ፕሮግራም ከአሥር ዓመት በኋላ ካለ ከርነል ጋር መግባባት አለበትና።

ከባዱ ጉዳይ ፕሮሰሰሩ ለመሣሪያዎች የሚጽፍበት መንገድ ነበር። አርም ላይ ፕሮሰሰሩ ለአንድ መሣሪያ ትእዛዝ ሲጽፍ ሁለት ልማድ አለ። አንደኛው ደብዳቤን ፖስታ ቤት ጥሎ እንደ መሄድ ነው፤ ተቀባዩ እጅ ሳይገባ ላኪው ወደ ሌላ ሥራው ያልፋል። ሁለተኛው ተቀባዩ ፊት ቆሞ ማስፈረም ነው። ሊኑክስ በ64 ቢት አርም ላይ የኖረው በመጀመሪያው ነው፤ ይፈጥናል፣ ሌሎቹ አምራቾችም ሁሉ ይቀበሉታል። ኤም1 ግን አይቀበልም። በቺፑ ውስጥ ላሉት መሣሪያዎች በመጀመሪያው መንገድ የተጻፈ ትእዛዝ መድረሻው አይታወቅም። ነገሩን የሚያባብሰው፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ በኩል የሚያያዙት መሣሪያዎች ተቃራኒውን መፈለጋቸው ነው። እነርሱ የሚቀበሉት የመጀመሪያውን ነው።

በመጀመሪያው ዙር ፓቾች የቀረበው መፍትሔ አቋራጭ ነበር። ከርነሉ እንዲህ ያለ ማሽን ላይ መሆኑን ካወቀ ሁሉንም ጽሑፍ ወደ ጥብቁ መንገድ ይቀይር። ይሠራል። ባለአደራዎቹ ግን አልወደዱትም። መሣሪያን ከአድራሻ ጋር የሚያያይዘውን ተግባር በሺህ የሚቆጠሩ ድራይቨሮች ይጠሩታል፤ አንድ ስም ያለው ነገር በአንዱ ማሽን አንድ ትርጉም፣ በሌላው ሌላ ትርጉም ሊኖረው ነው። ፒሲአይ ሲመጣስ? ከብዙ ምልልስ በኋላ በሁለተኛው ዙር የተለየ መልስ ተገኘ። ጥብቁን መንገድ ለይቶ የሚጠይቅ አዲስ ተግባር ለመላው ከርነል ተጨመረ፤ የትኛው መሣሪያ ጥብቁን እንደሚፈልግ ደግሞ ዲቫይስ ትሪው ራሱ ይናገራል። ድራይቨሮቹ ሳይነኩ ይቀጥላሉ። ነገ ሌላ አምራች ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ቺፕ ቢያወጣ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ለአንድ ማሽን የታሰበ ፓች የሁሉ ንብረት የሆነው እዚህ ላይ ነው። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ምርጡ ቦታ ይኸው ነው፤ ስለ ኤም1 የተጻፉት ዜናዎች ግን ብዙም አላነሱትም።

የኢንተረፕቱ ነገርም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ኢንተረፕት አንድ መሣሪያ ፕሮሰሰሩን «ሥራህን አቁመህ እኔን ስማ» የሚልበት ጥሪ ነው። አርም ሁለት የጥሪ መስመሮች አሉት፤ ተራው አይአርኪው እና ፈጣኑ ኤፍአይኪው። ባለ 64 ቢቱ ሊኑክስ ፈጣኑን ትቶት ኖሯል፤ ድንገት ጥሪ ቢመጣበት ከርነሉ ደንግጦ ይቆም ነበር። አፕል ደግሞ የማሽኑን ሰዓት በፈጣኑ መስመር ላይ አድርጎታል። ሰዓት የማይሰማ ከርነል ሥራ ማከፋፈል አይችልም። ማርቲን መጀመሪያ ፈጣኑን መስመር የሚያዳምጠው እነዚህ ማሽኖች ላይ ብቻ እንዲሆን ሁኔታ አስቀምጦ ነበር። የምርመራው ውጤት ግን ሁኔታው ይውጣ፣ ሁለቱ መስመሮች በሁሉም ማሽን ላይ አብረው ይከፈቱ አብረው ይዘጉ የሚል ሆነ። የአርሙ ማርክ ሩትላንድ ይህን መሠረት በተለየ ተከታታይ ፓች አዘጋጀው። ዚንጊየር በበኩሉ ሌላ ጉድ ያዘ። የኤም1 ፕሮሰሰር ለቨርቹዋል ማሽኖች የተዘጋጀ አንድ ሁነታ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ የአርም መመሪያ ግን ሁነታው መጥፋት መቻል አለበት ይላል። ከርነሉ ያንንም እንዲችለው ተደረገ።

ፓቾቹ በሁለተኛው ዙር 25፣ በማርች መጀመሪያ በተላከው በሦስተኛው ዙር 27 ደረሱ። ሦስተኛው ዙር ርእሱ ላይ ሞክሩልኝ የሚል ጥሪ ተለጥፎበታል። ማርቲን ማክ ሚኒውን በራሱ መሞከር ይችላል፤ የሳምሰንግ ኤክሲኖስ ቦርድ ያለው ሰው ግን የሲሪያል ድራይቨሩ ለውጥ ያንን እንዳልሰበረ አይቶ መናገር አለበት። በከርነል ባህል እያንዳንዱ ፓች ግርጌ ላይ ስም ይሰፍራል። አንዱ መረመርኩት ይላል፣ ሌላው እስማማለሁ፣ ሌላው ሞከርኩት። ከሰዎቹ ጎን ደግሞ የኢንቴል ሮቦት አለ፤ የሚላከውን ፓች በየዓይነቱ ቅንብር እየገነባ፣ የተሰበረ ካገኘ ላኪውን በኢሜይል ይወቅሳል።

ያን ሰሞን ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት የሚጠበቅበት ሰው አልነበረም። በፌብሩዋሪ መጨረሻ የወጣው 5.12-አርሲ1 የሚባለው የሙከራ እትም ስዋፕ ፋይል በሚጠቀሙ ማሽኖች ላይ መረጃን በተሳሳተ የዲስክ ቦታ እየጻፈ ፋይሎችን ያበላሽ ነበር። ከቀናት በኋላ ቶርቫልድስ ሰዎችን አስጠነቀቀ፣ የእትሙንም ስም «አትጠቀሙበት» የሚል ቃል ጨምሮ ቀየረው። ስዋፕ ፋይል ከሚጠቀመው ይልቅ ለስዋፕ የዲስክ ክፍል የሚለየው ገንቢ ስለሚበዛ ነበር ስህተቱ ከብዙዎቹ ዓይን ያመለጠው። የማርቲን ሦስተኛ ዙር የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው።

ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ አራተኛው ዙር ሲላክ ቁጥሩ ተመልሶ 18 ሆኖ ነበር። የጎደሉት አልተጣሉም፤ አንዳንዶቹ ቀድመው በሌላ በር ገብተዋል። የሲሪያል ፓቾቹን የዚያ ክፍል ባለአደራ ግሬግ ክሮኣ-ሃርትማን ወስዷቸዋል፤ የፈጣኑ መስመር ሥራ በአርም መሠረት በኩል አልፏል። ቀሪዎቹን አርንድ በርግማን በዚያው ወር ወደ አርም ቺፖች የኮድ ዛፍ አዋሃዳቸው። ከዚያ ዛፍ ወደ ሊኑክስ ኔክስት ተሻገሩ። ይህ አውስትራሊያዊው ስቲቨን ሮትዌል የሁሉንም ባለአደራዎች ሥራ በየቀኑ አንድ ላይ እየደመረ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ ያይበት የነበረ መፈተኛ ነው።

ኤፕሪል 25 ቀን ከርነል 5.12 ወጣ፤ በማግሥቱ ለሚቀጥለው እትም ኮድ የሚዋሃድበት የሁለት ሳምንት ጊዜ ተጀመረ። የባለአደራዎች ጥቅል ለቶርቫልድስ ተላከ፣ ወሰደው። ሜይ 9 ቀን 5.13-አርሲ1 ታተመ፤ ሰባት የሙከራ ሳምንታት አለፉ፤ ጁን 27 ቀን 2021 ከርነል 5.13 የኤም1 ድጋፍ ይዞ ወጣ። ቺፑ ለገበያ ከዋለ ሰባት ወር ከአሥር ቀን ሆኖታል።

ያ «ድጋፍ» ምን ያደርግ ነበር? ማክ ሚኒ ይነሳል፣ ስምንቱም ኮሮች ይሠራሉ፣ የአፕል ማስነሻ ቀድሞ በከፈተው ስክሪን ላይ ጽሑፍ ይታያል፣ በሲሪያሉ ማውራት ይቻላል። ዩኤስቢ የለም። ኔትወርክ የለም። ዲስክ የለም። ኡቡንቱ በኮሬሊየም ማሽን ላይ ዴስክቶፕ ዘርግቶ ከታየ አምስት ወር በኋላ፣ ዋናው ከርነል ፋይል የሚያስቀምጥበት ቦታ እንኳ አልነበረውም። ልዩነቱ ይህኛው ከዚያ በኋላ በማንም እጅ መገፋት የማያስፈልገው መሆኑ ነው፤ ከእያንዳንዱ እትም ጋር አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። ማርቲን ኤም1ኤን1ን ማክኦኤስን ራሱን ከሥሩ አስቀምጦ የሚያስነሳ ተቆጣጣሪ አደረገው፤ ማክኦኤስ ለመሣሪያዎቹ የሚጽፈው ሁሉ ከላይ ሆኖ ይታያል፣ ይመዘገባል። ስቬን ፒተር የመሣሪያዎችን የማስታወሻ መዳረሻ የሚቆጣጠረውን የአፕል ክፍል ድራይቨር ጻፈ፤ በ5.15 ገባ። በጃንዋሪ 2022 በወጣው 5.16 የፒሲአይ ኤክስፕረስ ድራይቨር ተከተለ፤ አሊሳ ሮዘንዝዋይግና ዚንጊየር የሠሩት ነው። የዚያን ፋይል ራስጌ የሚያይ ሰው ከቅጂ መብት ባለቤቶቹ መካከል ኮሬሊየምን ያገኛል። ተረስቶ የቀረ የመሰለው ኮድ ታጥቦና ተስተካክሎ በኋላ በር ገብቷል። በማርች 2022 አሳሂ ሊኑክስ ለተራ ተጠቃሚ የመጀመሪያውን አልፋ እትም አወጣ።

ጁላይ 31 ቀን 2022 ቶርቫልድስ ከርነል 5.19ን አወጣ። የማኮቹ የውስጥ ዲስክ ድራይቨር በዋናው ከርነል የገባው በዚህ እትም ነው። ቶርቫልድስ ግን በማስታወቂያው ላይ ለእርሱ በግሉ ከሁሉ የሚስበው ሌላ ነገር እንደሆነ ጻፈ። እትሙን ያዘጋጀው በአርም ላፕቶፕ ላይ ነው። ማሽኑ ገበያ ላይ ከዋለ ገና ሁለት ሳምንት ያለፈው ባለ ኤም2 ማክቡክ ኤር ነበር፤ ለአሳሂ ቡድን ምስጋና አቀረበ። በአፕል ሃርድዌር ላይ ሊኑክስን ሲያበለጽግ ሦስተኛ ጊዜው እንደሆነም አስታወሰ፤ አንዴ በፓወርፒሲ ዘመን፣ አንዴ ደግሞ ቀጭን ላፕቶፕ ከማክቡክ ኤር ሌላ በጠፋበት ጊዜ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ላፕቶፑን ለሙከራ እንጂ ለቁም ነገር ሥራ አልተጠቀመበትም ነበር።

የግራፊክስ ክፍሉ ከሁሉ የረዘመ ሆነ። አሳሂ ሊና በሚል ስም የሚታወቅ ገንቢ የከርነሉን ድራይቨር በረስት ቋንቋ ጻፈው፤ በዲሴምበር 2022 ተጠቃሚዎች እጅ ደረሰ። በዋናው ከርነል ግን ለረስት የሚሆን መሠረት ገና በመገንባት ላይ ነበር፤ በዚያ መሠረት ላይ የተነሳው ውዝግብ በ2025 መጀመሪያ ከረረ። በፌብሩዋሪ ሄክተር ማርቲን መድከሙን ገልጾ ከፕሮጀክቱ መሪነት ወረደ፤ ሥራውን የጋራ አመራር ተረከበው። በዚያው ዓመት ጁላይ በወጣው 6.16 የግራፊክሱ ድራይቨር ከተጠቃሚ ፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገርበትን ደንብ የያዘው ፋይል ብቻውን ገባ። ድራይቨሩ ራሱ በአሳሂ ዛፍ ላይ ተራውን እየጠበቀ ነበር።